«ዶሮ ስም አያስፈልጋትም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን «ዶሮ ስም አያስፈልጋትም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ጓሯቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዶሮ ያረቡ ሰው ናቸው። የሚጽፉት ከልምድ መሆኑ ያስታውቃል። ስለ መኖ፣ ስለ ቆጥ፣ ስለ ዶሮ ቤት ንጽሕና ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልስማማው ዋናው ነገር ላይ ነው። እሳቸው እንደሚሉት ለዶሮ ስም የሚያወጣ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ ሆደ ቡቡ፣ ወይ ሁለቱንም። ያቀረቧቸው ምክንያቶች ስድስት ናቸው፦ ዶሮዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለየብቻ መጠራት አያስፈልጋቸውም፤ ብትጠራም ስሟን አታውቅም፤ ነገሩ የዘመኑ ሰው ቅብጠት ነው፤ ስም የወጣላት ዶሮ አትታረድም፤ ልጆች ይጎዳሉ፤ በዚያ ላይ በሽታ አለ።

ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። አንዳንዱን በጥቂት መስመር አልፈዋለሁ። የማረዱ ጉዳይ ግን ከባድ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

«ዶሮ ሁሉ አንድ ነው» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው «አንድ ዝርያ ያላቸውን አሥር ዶሮዎች አሰልፋችሁ ለዩ ብትባሉ ትደናበራላችሁ» ይላሉ። እውነት ነው፣ እንግዳ ሰው ይደናበራል። እኔም የሰው ዶሮ አልለይም። ጠዋትና ማታ መኖ የሚያቀርብ ሰው ግን እንግዳ አይደለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳያስበው መለየት ይጀምራል። አንዷ በሩ ሳይከፈት ደፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሌላዋ ሁሉም በልተው ሲጨርሱ ነው የምትመጣው። አንዷ ቁንጮዋ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ማለቴ ነው፣ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። አንዷ እንቁላል ጥላ ስታሽካካ ሰፈር ይሰማል፤ ሌላዋ ደግሞ ጥላ ምንም እንዳልተፈጠረ ውልቅ ትላለች።

ስም የሚመጣው ከዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ዶሮ በገዛ ዕለት ቁጭ ብሎ የስም ዝርዝር አያዘጋጅም። መጀመሪያ «ያቺ ቀይዋ» ይላል። ሌላ ቀይ ስትጨመር «ያቺ አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ቀይዋ» ይላል። ይሄ ረዘመ። አንድ ቀን ከቤተሰቡ አንዱ «መላጣዋ» ይልና ነገሩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መላጣዋ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ላባዋ ሲያድግ እንኳ ስሟ አይቀየርም።

«እኛ ስም አናወጣም» የሚሉ ሰዎችንም ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው። «ገብስማዋ ዛሬ አልጣለችም»፣ «ረጅሟ አጥር ዘላ ወጣች» ሲሉ ትሰማላችሁ። ጸሐፊው ራሳቸው ጽሑፋቸው መሐል «ሌባዋ» የሚሏት ዶሮ አለች። የሌሎቹን ጥሬ ነጥቃ የምትሮጥ። ሦስት ቦታ ላይ አንስተዋታል፤ እኔም የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት አልተቸገርኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሌባዋ ስም አላት።

ዶሮዎቹ ራሳቸውስ? በደንብ ይተዋወቃሉ። ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ እያየ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ጥናት በዶሮዎች መካከል የደረጃ ሥርዓት እንዳለ አሳየ። ማን ማንን እንደምትነቁር፣ ማን ለማን መንገድ እንደምትለቅ የታወቀ ነው። ይህ ሥርዓት እንዲሠራ እያንዳንዷ ዶሮ ሌሎቹን አንድ በአንድ መለየት አለባት። መንጋው ከመጠን በላይ ሲበዛ ይፈርሳል። በሺዎች በሚቆጠሩበት አዳራሽ ውስጥ መተዋወቅ የሚባል ነገር የለም፤ እዚያ ስም አውጡ የሚልም የለም። ጓሮ ውስጥ ያሉ ስድስት ወይም አሥር ዶሮዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ይሄ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ስለ ጠበቃ ልንገረው። ጠበቃ የምትባል ዶሮ ነበረችኝ። ስሙን ያገኘችው በማንኛውም ነገር ላይ ስለምትከራከር ነው። በር ሲከፈት ትጮሃለች፣ ሲዘጋም ትጮሃለች። ሌላ ዶሮ እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ከቆየችባት ፊት ለፊቷ ቆማ ትጨቀጭቃታለች። አንድ ጠዋት ወጣች፣ ጥሬውን ለቀም ለቀም አደረገች፣ ዳር ይዛ ቆመች። ዝም። ለማያውቃት ሰው ምንም አልሆነችም፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ በእግሯ ቆማለች፣ ትንሽም ቢሆን በልታለች። እኔን ያስደነገጠኝ ዝምታዋ ነው። ሳነሳት ቀላለች። አንገቷ ሥር ያለው፣ የበላችው ነገር የሚጠራቀምበት ከረጢት ጠዋት ላይ ባዶ መሆን ሲገባው እንደ ኳስ ተወጥሯል። ረጅም ሣር ውጣ ተዘግቶባት ነበር። ቶሎ ስለተደረሰባት ተረፈች፤ በሁለተኛው ቀን ውኃ ልሰጣት ስገባ ጮኸችብኝ።

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደከም ያለች መስላ ከታየች ሌሎቹ ይነቁሯታል፣ አውሬም ዓይኑን ይጥልባታል። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትታይ የጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ ረፍዶበታል። ቀድሞ የሚመጣው የጠባይ ለውጥ ነው። ጠባይ መለወጡን ለማወቅ ደግሞ የዚያችን ዶሮ የትናንት ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ቁጥር አይበቃም ወይ?» ይላሉ ጸሐፊው። የእግር ቀለበት ይመክራሉ። እኔም ቀለበት እጠቀማለሁ፤ ቀለበትና ስም ተጣልተው አያውቁም። ቁጥር ከስም የበለጠ ጨዋ ወይም ሳይንሳዊ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን አይዋጥልኝም። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ተመራማሪ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 ዛሬ ታንዛኒያ በሚባለው አገር፣ ጎምቤ ውስጥ ቺምፓንዚዎችን ማጥናት ስትጀምር ለእያንዳንዳቸው ስም ሰጠች። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «ቁጥር ነበር መስጠት ያለብሽ» ተባለች። እሷ ግን በስሞቿ ገፋችበት። ቺምፓንዚ መሣሪያ እንደሚጠቀም ያሳያት፣ በሣር አገዳ ምስጥ ከኩይሳ ሲያወጣ ያየችው፣ ዴቪድ ግሬይቢርድ ብላ የሰየመችው ነው። ስሙ ግኝቱን ምን አበላሸው?

ወደ ከብት ብንመጣም ተመሳሳይ ነገር አለ። እንግሊዝ አገር የሚገኘው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 516 የወተት ላም አርቢዎችን ጠይቀዋል። ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት አርቢዎች ከማይጠሩት ይልቅ ከአንድ ላም በዓመት 258 ሊትር ያህል የሚበልጥ ወተት እንደሚያገኙ ታየ። ጥናቱ በዚያው ዓመት ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ የሚያስቁ ቀጥሎ የሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሸለሙበትን ሽልማት አግኝቷል። ስሙ ራሱ ወተት ይጨምራል የሚል ካለ አላምነውም። ላሟን በስም የሚጠራ ሰው ጠጋ ብሎ ያያታል፣ ይዳስሳታል፣ ስትደነግጥ ያውቃል፤ እሷም አትፈራውም። ልዩነቱን ያመጣው ይሄ ይመስለኛል። ስለ ዶሮም የምለው ከዚህ አያልፍም። ስም የሚወጣው ማየት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ማየት ደግሞ የርባታው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «ስሟን አታውቅም»። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ስጠራት ትመጣለች» ብሎ የሚፎክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የጥሬ ጣሳ አለ። ዶሮዋ የምትሮጠው ለጣሳው ነው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን። ቢሆንም ድምፅ ለዶሮ ባዕድ አይደለም። ከ20 በላይ የተለያየ ድምፅ ታወጣለች። አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና በምድር ለሚመጣ ጠላት የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ይለያያል፤ ምግብ ሲያገኝም ሴቶቹን የሚጠራበት የራሱ ድምፅ አለው። እንዲህ ያለ እንስሳ አንድ ድምፅ ተደጋግሞ ከምግብ ጋር ቢመጣለት ሁለቱን ማያያዝ አያቅተውም። ከዚያ አልፎ «ይህ እኔ ነኝ» ብላ ትረዳለች እስከማለት ግን አልሄድም።

ባታውቅስ? የባሕር አውሎ ነፋስም ስሙን አያውቅም። የአየር ትንበያ ሰዎች ስም የሚያወጡለት ሁለት አውሎ ነፋስ ባንድ ጊዜ ሲነሳ ሰው እንዳይምታታበት ነው። የዶሮዋም ስም የሚያገለግለው ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ነው። «መላጣዋ ታቅፋለች፣ አትንኳት» የሚል መልእክት ለመተው መላጣዋ ራሷ ማንበብ አያስፈልጋትም።

ሦስተኛው፣ «የዘመኑ ሰው ቅብጠት ነው» የሚለው። ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ስለ ሮማው ንጉሠ ነገሥት ሆኖሪየስ አንድ ወሬ ጽፎልናል። እ.ኤ.አ. በ410 ሮማ ጎት በሚባሉ ወራሪዎች እጅ ስትወድቅ ንጉሠ ነገሥቱ ያለው ራቬና ነበር። ዶሮ ጠባቂ የነበረው አገልጋይ መጥቶ «ሮማ ጠፋች» አለው። ሆኖሪየስ ጮኸ፦ «አሁን ከእጄ በልታ አልነበር እንዴ!» ለካስ ሮማ የሚባል ትልቅ አውራ ዶሮ ነበረው። የጠፋችው ከተማዋ መሆኗ ሲነገረው «እኔ እኮ ዶሮዬ የሞተ መስሎኝ ነው» ብሎ እፎይ አለ ይባላል። ታሪኩ እንደ ቀልድ የተነገረ ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ቀልዱ እንዲገባ ግን በዚያ ዘመን ለዶሮ ስም ማውጣት ማንንም የማያስገርም ነገር መሆን አለበት። ሰው የሚስቀው በንጉሡ ሞኝነት ነው፤ ዶሮው ስም ስላለው አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ስም የወጣላት ዶሮ አትታረድም» ይላሉ። ይቀጥላሉ፦ «የማትጥል ዶሮ ለዓመታት ትቀልባላችሁ፤ የጓሮ ርባታ ወደ ጡረታ ቤት ይለወጣል።»

ይሄ ውኃ የሚያነሳ ክርክር ነው። ዶሮ ከ5 እና ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ ትጥላለች። በብዛት የምትጥለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ዕድሜዋ ግን እዚያ አያበቃም፤ በደንብ ከተያዘች 6 ወይም 8 ዓመት፣ አንዳንዷም ከዚያ በላይ ትኖራለች። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ትኖር የነበረችው ፒናት እ.ኤ.አ. በ2023 በሕይወት ካሉ ዶሮዎች ሁሉ አሮጊት ተብላ ጊነስ መዝገብ ላይ ስትሰፍር ከ20 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። እሷ ለየት ያለች ናት። ተራዋ ዶሮ እንኳ ግን መጣል ከቀነሰች በኋላ ብዙ ዓመት መኖ ትበላለች። ቦታው ጠባብ፣ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ነገር ግን ጸሐፊው ችግሩን የጫኑት ስሙ ላይ ነው። እኔ የማየው ችግር ሰው ዶሮ ሲገዛ ሦስተኛው ዓመት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ መግዛቱ ነው። ይህን ያልወሰነ ሰው ስም ባያወጣም ካራውን ይዞ ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጣል። አስቀድሞ የወሰነ ሰው ደግሞ ስም ቢያወጣም ውሳኔው አይጠፋበትም። የማውቃቸው አርቢዎች ጉዳዩን በየራሳቸው መንገድ ነው የፈቱት። ለሥጋ የሚያሳድጓቸውን ሳይሰይሙ ለእንቁላል የሚያቆዩአቸውን ብቻ የሚሰይሙ አሉ። ጨርሶ የማያርዱና ዶሮዋ በዕድሜዋ እስክትሞት የሚያቆዩ አሉ፤ ወጪውን አውቀው ገብተውበታል። ሁሉንም ሰይመው ሁሉንም የሚያርዱም አሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ መጀመሪያ ላይ ጨካኝ ይመስሉኝ ነበር። ሲያርዱ ካየኋቸው በኋላ አስተያየቴ ተለወጠ። አያባርሩም፣ አያንገላቱም፣ ክንፏን ይዘው አያንጠለጥሉም። አመሻሽ ላይ ከቆጧ ቀስ አድርገው አንስተው ለብቻዋ ያሳድሯታል፤ ጠዋት ሳትደነግጥ ያልፋል። «ማንነቷን አውቄ ካላረድኩ ምኑን አረድኩት?» ያለኝ አንዱ ነው። ሁሉም ሰው እንደሱ ይሁን አልልም። እኔም አይሆንልኝም።

መቀራረብን ለመሸሽ ብለው ዶሮዋን በምግብ ስም የሚጠሩም አሉ። ዘዴው የሚሠራ አይመስለኝም። ከጥቂት ወር በኋላ ያ የቀልድ ስም የቁልምጫ ስም ሆኖ ያርፈዋል፤ ዶሮዋም የቤቱ አሮጊት ሆና ትቀራለች።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ከመኖ ወጪ የባሰ ነገር ደግሞ አለ። ስም ያወጣላትን ዶሮ ከመውደዱ የተነሳ ተስፋ በሌለው ሕመም ውስጥ ለሳምንታት የሚያቆያት ሰው። መቆም አቅቷት፣ ሌሎቹ እየነቆሯት፣ «ትድን ይሆናል» እየተባለች። ይሄ ፍቅር ለዶሮዋ ምንም አይጠቅማትም። ጸሐፊው በዚህ ቢመጡብኝ ኖሮ ብዙ የምለው አይኖረኝም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ስም የለሿ ዶሮ ጥግ ላይ ታማ ሞታ በማግስቱ ማታ ሲቆጠሩ ነው «አንድ ጎደለች» የምትባለው። ከሁለቱ ስሕተት የመጀመሪያውን ማረም የሚቀል ይመስለኛል።

ልጆችን በተመለከተ ባጭሩ። «ዶሮዋ ስትሞት ልጁ ይሰበራል» ይላሉ። ያዝናል፣ አዎ። ስም ባይኖራትም ያዝናል፤ ልጆች የሚያዝኑት ለዶሮዋ ነው። ይልቅ ልጅ ያለው ቤት የሚያስቸግረው ጫጩት ገና ላባ ሳያወጣ ስም ማውጣት ነው። በብዙ ዝርያዎች ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት በዓይን ለመለየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ቀን «ልዕልት» የተባለችው ጫጩት አድጋ አንድ ማለዳ ስትጮህ የቤቱ ሁሉ ሳቅ ነው። የአውራ ዶሮ ጩኸት የማይፈቀድበት ሰፈር ከሆነ ግን ሳቁ ወደ ለቅሶ ይዞራል፤ ልዕልት መሸኘት አለበታ። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ሁለት ወር ጠብቁ።

በሽታ ላይ ክርክር የለኝም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የጓሮ ዶሮን አትሳሙ፣ አትቀፉ፣ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይንኳቸው እያለ በየጊዜው የሚያስጠነቅቀው ሆድ በሚያሳምመው ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ ምክንያት ነው። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ትሸከመዋለች። ግን ይሄ ስለ መሳም ነው። ስም እየጠሩ እጅ መታጠብ ይቻላል።

ጸሐፊው የሚዘጉት በአንድ የማስታረቂያ ሐሳብ ነው፦ «ስም ካላወጣሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ይጥራቸው፤ ያን ጊዜ ማንም ከማንም አይበልጥበትም።» በቀልድ ያሉት ይመስለኛል፤ በቁም ነገር የሚሞክረው ሰው እንዳይኖር ግን እፈራለሁ። ለአንዷ ዶሮ መድኃኒት ስትሰጡ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ እንቁላሏ የማይበላበት ጊዜ አለ። ርዝመቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። እሷን ለብቻ ማድረግ፣ የጀመረችበትንና የምትጨርስበትን ቀን መጻፍ፣ ለሚተካችሁ ሰው መንገር አለባችሁ። ደብተሩ ላይ «ለዶሮዬ ተሰጠ» ብቻ ተጽፎ እናንተ መንገድ ብትሄዱ፣ ቤት የቀረው ሰው የትኛዋን እንቁላል ይጣል?